የፎጊ መርዶ በስልክ

ከሜሪላንድ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ውድ አዘጋጅ፤ የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ወደ አሜሪካ የመጣነው በ2015 ሲሆን፣ እንግሊዝኛችንን ያፍታታነው በዚያው ዓመት በኔትፍሊክስ መታየት በጀመረው “ዴርዴቪል” በተባለው ተከታታይ ፊልም ነው። ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበብን፣ ያልገባን ቃል ሲመጣ እያቆምን፣ አንዱን ክፍል ሁለት ሰዓት እንፈጅበት ነበር። እኔ ከዋናው ጀግና ይልቅ የምወደው ጓደኛውን ፎጊ ኔልሰንን ነው።

“ዴርዴቪል፦ ቦርን አጌን” የሚለው አዲሱ ተከታታይ በዲዝኒ ፕላስ በጀመረበት በማርች 4 ቀን 2025 ምሽት አራት ጓደኞቼን ቤቴ ጠራሁ። ጾም ስለ ነበር ቆሎና ፈንዲሻ አቀረብኩ። ወንድሜ በመኪና ማቆሚያ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ስለ ነበር፣ በማግሥቱ ረቡዕ በዕረፍቱ ቀን ሊያየው አስቦ ነበር። ፊልሙ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ፎጊን ገደሉት። እኔ እያለቀስኩ ሳለ አንደኛው ጓደኛዬ፣ አባቱን ባለፈው ዓመት ጎንደር ላይ ያጣው ልጅ፣ “አሟሟቱን ግን እንዴት አድርገው ሠሩት!” አለ። “አንተ ድሮም ልብ የለህም” ብዬው ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ጃኬቱን እንኳ ሳይለብስ ወጣ። ወዲያው ለወንድሜ ደውዬ “ፎጊን ገደሉት እኮ!” አልኩት። “እሺ” አለና ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ክፍል አላየሁም፤ ለተከታታዩም ከአምስት ኮከብ አንዱን ብቻ ሰጠሁት። ጓደኛዬ ስልኬን አያነሣም። ወንድሜም ሳናግረው ባጭሩ ነው የሚመልስልኝ፤ ምን እንዳስቀየምኩት አልገባኝም። ለመሆኑ ለፊልም ሰው ይህን ያህል ማዘኔ ነውር ነው? እኛ አድናቂዎቹ ስንት ዓመት ታግለን ያስመለስነውን ተከታታይ እንዲህ ማድረጋቸውስ ክህደት አይደለም? አድናቂው ሁሉ እንደ እኔ ተቆጥቷል። ምን ላድርግ?»

ውድ ጠያቂያችን፤

መልሴን ከመጀመሬ በፊት ለሌሎች አንባቢያን አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ፎጊ ኔልሰን መሞቱን ደብዳቤዎ ስለ ተናገረ እኔ ልደብቀው አልችልም፤ ከዚያ በኋላ በቀሩት ክፍሎች ስለሚሆነው ነገር ግን አንዲት ቃል አላወጣም። ምክንያቴ ወደ ታች ይመጣል።

ተከታታዩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ዴርዴቪል በ1964 በማርቭል የኮሚክ መጽሔት የተፈጠረ ጀግና ነው። እውነተኛ ስሙ ማት መርዶክ ሲሆን፣ በልጅነቱ በደረሰበት አደጋ ዓይኑን ያጣ፣ ቀን ቀን ኒው ዮርክ ውስጥ በሄልስ ኪችን ሰፈር ጥብቅና የሚሠራ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጭንብል አጥልቆ ወንጀለኛ የሚያሳድድ ሰው ነው። ዓይኑ ባያይም ጆሮው ከግድግዳ ወዲያ የቆመን ሰው የልብ ትርታ ይሰማል፤ ሰው ሲዋሽም በልቡ አመታት ይለየዋል። ፎጊ ኔልሰን ከሕግ ትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛው፣ በኋላም የቢሮ ሸሪኩ ነው። ጭንብልም ሆነ የተለየ ኃይል የለውም፤ ያለው ቀልዱ፣ ቅንነቱና እናቱ ሥጋ ሻጭ እንዲሆንላት ትመኝ እንደ ነበር ደጋግሞ የሚያወራው ወሬ ነው።

ማዘንዎ ነውር አይደለም። «ፊልም እኮ ነው» ብሎ የሚያጣጥልዎት ሰው ካለ፣ አርሴናል በተሸነፈ ማታ እራት በልቶ ያድር እንደ ሆነ ይጠይቁት። እርስዎ ደግሞ ከሌላው ተመልካች የባሰ ምክንያት አለዎት፤ በባዕድ አገር በመጀመሪያው ዓመት፣ ቋንቋው ገና አፍ ላይ አልላወስ ሲል፣ ከወንድምዎ ጋር ቁጭ ብለው ቃል በቃል ያደመጡት ሰው ፎጊ ነው። ጠበቃ ስለሆነ አብዝቶ ይናገራል፤ አብዝቶ ስለሚናገርም የቋንቋ አስተማሪዎ ሆኗል። እንዲህ ያለ ሰው በስክሪን ላይ ሲሞት የሚሰማዎት ኀዘን የሚመጣው ከዚያች የመጀመሪያ ቤታችሁ ነውና በማንም ፊት አያፍሩበት።

ኀዘኑን ያከበደው ደግሞ የተጠበቀበት ጊዜ ርዝመት ነው። ኔትፍሊክስ ሦስተኛውን ምዕራፍ ያወጣው በኦክቶበር 19 ቀን 2018 ነበር። በዚያ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ፣ ብዙ ከተኳረፉና ብዙ ከተጎዱ በኋላ፣ ማት፣ ፎጊና የሁለቱ የቢሮ ባልደረባ የነበረችው ካረን ፔጅ እንደገና አብረው ሊሠሩ ይስማማሉ፤ ፎጊም በናፕኪን ላይ የሦስቱን ስም ጎን ለጎን ይጽፋል። ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ኔትፍሊክስ ተከታታዩን አቋረጠ። አድናቂዎች ፊርማ አሰባሰቡ፣ «ሴቭ ዴርዴቪል» (ዴርዴቪልን አድኑ) የሚል ዘመቻ ከፈቱ፣ ተዋናዩ ቻርሊ ኮክስ በ2021 መጨረሻ በሸረሪት ሰው ፊልም ውስጥ ለአንዲት ትዕይንት ብቅ ሲል ሲኒማ ቤት ውስጥ ጮኹ። ስለዚህ ያቺ ናፕኪን ከስድስት ዓመት በላይ ጠረጴዛ ላይ እንደ ተቀመጠች ቀርታ ነበር ማለት ነው። ተመልካቹ የመጣው ከጽሑፉ ቀጥሎ ያለውን ለማየት ነው፤ የተሰጠው ግን አስከሬን ነው።

አሟሟቱን እንመልከተው፤ ጓደኛዎ ያደነቀው እርሱን ነውና። ሦስቱ በለመዱት በጆሲ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ሲጫወቱ ማት ይወጣል። እርሱ በሌለበት ቡልስአይ የሚባለው ነፍሰ ገዳይ ይመጣና ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ፎጊን ደረቱ ላይ በጥይት ይመታዋል። ማት ደርሶ ከገዳዩ ጋር ይያያዛል፤ ድብድቡ ከመጠጥ ቤቱ ተነሥቶ በደረጃው በኩል ጣሪያው ላይ ይወጣል። ፎጊ ከታች መንገድ ላይ በካረን እጅ ወድቋል። እኛ ተመልካቾች በዚያች ደቂቃ የምንሰማው በማት ጆሮ ነው፦ የፎጊ ልብ ትመታለች፤ ትዘገያለች፤ ከዚያ ጨርሳ ትጠፋለች። ማት ጣሪያው ላይ ቆሞ ሁሉን ይሰማል፣ ግን ወርዶ እጁን ሊይዘው አልቻለም። ይህን ልብ ብለው ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ክህደት ነው ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ እንደ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ይህ ተከታታይ መጀመሪያ ሲታቀድ 18 ክፍል እንዲኖረው ነበር። በ2023 የሆሊውድ ደራስያን ከሜይ 2 ጀምሮ ሥራ ሲያቆሙ ቀረጻው ተቋረጠ፤ ማርቭልም እስከዚያ የተሠራውን አይቶ ስላልወደደው የጽሑፍ ኃላፊዎቹን ቀየረና ሥራውን ለዳሪዮ ስካርዳፔን ሰጠ። አዲሱ ቡድን የመጀመሪያውን ክፍልና የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች እንደ አዲስ ሠራ፤ ጀስቲን ቤንሰንና አሮን ሙርሄድ የተባሉት ዳይሬክተሮችም እነዚህን ሦስቱን አዘጋጁ። በመካከል ያለው አብዛኛው ከቀድሞው ሥራ የተረፈ ነው። በዚያ በመጀመሪያው እቅድ ደግሞ ፎጊን የሚጫወተው ኤልደን ሄንሰንም ሆነ ካረንን የምትጫወተው ዲቦራ አን ዎል አልነበሩም። አድናቂው ስማቸውን ከዝርዝሩ ቢያጣ ጊዜ ጮኸ፤ ከለውጡ በኋላም ተጠሩ።

እንግዲህ «ፎጊን የመለሱት ሊገድሉት ነው» የሚለው ቁጣዎ እውነትነት አለው፤ አልክደውም። ነገር ግን ሌላው አማራጭ ምን ነበር? ፎጊ በስክሪን ላይ ሳይታይ፣ ያለ ስንብት ከታሪኩ መቅረት ነበር። ማት ለብቻው እየሠራ፣ ተመልካቹ «ያ ጓደኛው የት ሄደ?» እያለ ዘጠኝ ክፍል ቢያልፍ ኖሮ፣ ዛሬ የሚጽፉልኝ ደብዳቤ ከዚህ የመረረ ይሆን ነበር ብዬ እገምታለሁ። የራሴን ፍርድ ከጠየቁኝ፣ የቸኮሉ ይመስለኛል፤ ስድስት ዓመት የተጠበቀ ሰው ቢያንስ አንድ ሙሉ ክፍል ያህል ሊስቅ፣ ሊከራከርና ሊበላ ይገባው ነበር። መቸኮል ግን ክህደት አይደለም። ክህደት የሚባለው ቃል የሰጠ ሰው ቃሉን ሲያጥፍ ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ ፎጊ በሕይወት ይኖራል ብሎ ቃል የገባልዎት ማንም የለም። ተከታታዩ እንዲመለስ ጮኻችሁ ተመለሰ። ጩኸታችሁ በሩን ማስከፈት ይችላል፤ ከውስጥ ምን እንደሚበላ ማዘዝ ግን አይችልም።

ስለ አሠራሩ ያነሣሁት ለሌላም ምክንያት ነው። ያዩት ክፍል ከአብዛኞቹ በኋላ የተሠራ ሆኖ ከፊት የተቀመጠ ነው፤ ቤቱን ደጁን በአዲስ አሠርቶ ጓዳውን እንደ ነበረ የተወ ሰው ቤት ማለት ነው። ዘጠኙም ክፍሎች ኤፕሪል 15 ላይ ተጠናቀዋል። እርስዎ ግን ደጁን ብቻ አይተው፣ ያውም ደጃፉ ላይ ሬሳ ስላገኙ ተመልሰዋል፤ በጓዳው ላይ አንድ ኮከብ ሲሰጡ ምን እንዳለበት አያውቁም። ስለዚህ ያቺን አንድ ኮከብ ቢያነሷት እመርጣለሁ። ጨርሰው አይተው አንድ ኮከብ ቢሰጡት፣ ያን ጊዜ ደረጃው ምንም ይሁን ፍርዱ የእርስዎ ነውና ማንም አይከራከርዎትም።

«አድናቂው ሁሉ እንደ እኔ ተቆጥቷል» ያሉት ግን ትክክል አይደለም፤ ለዚህ ማስረጃው በራስዎ ሳሎን ውስጥ ፈንዲሻ እየበላ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ምሽት ያለቀሱ ነበሩ፤ የተቆጡ ነበሩ፤ ትዕይንቱን ከቀድሞው ተከታታይ ምርጥ ድብድቦች ጋር የደመሩ ነበሩ፤ በ2006 በወጣው የኮሚክ ታሪክ ፎጊ በእስር ቤት ተወግቶ የሞተ መስሎ በኋላ በምስክር ጥበቃ ሥር ተሸሽጎ መገኘቱን አስታውሰው «አልሞተም» ብለው የተከራከሩም ነበሩ። አድናቂ የሚባል አንድ ልብ ያለው አካል ኖሮ አያውቅም። በ1988 ዲሲ የተባለው አሳታሚ የባትማን ረዳት የሆነው ሮቢን፣ ማለትም ጄሰን ቶድ፣ ይሙት ወይስ ይኑር ብሎ ለአንባቢዎቹ ሁለት የስልክ ቁጥሮች ሰጥቶ ነበር፤ እያንዳንዱ ጥሪ 50 ሳንቲም ያስከፍላል። 5,343 ድምፅ ይሙት አለ፤ 5,271 ድምፅ ይኑር አለ። ልጁ በ72 ድምፅ ብልጫ ሞተ። ሁለቱም ወገን ገንዘቡን ከፍሎ የደወለ አድናቂ ነበር፤ አንዱ ከሌላው ያነሰ ባትማንን ይወድ ነበር ለማለት ግን አይቻልም።

ይህን ከተቀበሉ የጓደኛዎን ነገር ለማየት ይቀልዎታል። «አሟሟቱን እንዴት አድርገው ሠሩት» ያለ ሰው በሞቱ ደስ ብሎታል ማለት አይደለም። ቀብር ላይ ጥሩ ሙሾ ያወረደችን አልቃሽ «እንዴት አስለቀሰችን» ብለን ስናመሰግን፣ ሟቹን ጠልተን አይደለም። ከዚህ በላይ ግን ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው በሁለት ነጠላ ሠረዝ መካከል ሸጉጠው ያለፉት ነገር ነው፦ ይህ ልጅ አባቱን ባለፈው ዓመት ጎንደር ላይ አጥቷል። እርሱ እዚህ፣ አባቱ እዚያ። አሁን ወደ ጣሪያው ይመለሱልኝ። የሚወደው ሰው ልብ ስትቆም ከሩቅ እየሰማ መድረስ ያቃተውን ሰው በዚያ ሳሎን ከተቀመጡት ሁሉ ማን ይበልጥ ያውቀዋል? በልቡ ያለውን እኔ አላየሁም፤ ምናልባት ድብድቡን ብቻ አድንቆ ይሆናል። ሆኖም ያ ድምፅ በደንብ መሠራቱን የተናገረው ድምፁን ስለሚያውቀው ሊሆን እንደሚችል ሳያስቡ «ልብ የለህም» ብለውታል፤ ስለ ልብ ትርታ በተሠራ ትዕይንት ላይ፣ ጃኬቱን እስኪረሳ ድረስ።

አሁን ወንድምዎ ጋ እንሂድ። ምን እንዳስቀየሙት አልገባኝም ብለዋል፤ እኔ ከደብዳቤዎ ሁሉ ግልጽ ሆኖ ያገኘሁት ይኸው ነው።

በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ። ሟች ሩቅ አገር ከሞተ፣ ወሬውን መጀመሪያ የሰማው ሰው ለቤተ ሰቡ ሮጦ አይናገርም። ዘመድና ጎረቤት በምስጢር ይጠራራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሌሊቱን እንቅልፉን ይጨርስ ተብሎ ይታደርና ማለዳ ነጠላ አዘቅዝቆ ይኬዳል። ባለቤቱ በሩን ሲከፍት ያን ሁሉ ሰው አይቶ ነው ግማሹን የሚረዳው። እዚህ አሜሪካም ቢሆን ልማዱ አልጠፋም፤ ጓደኛ ለጓደኛ ይደዋወላል፣ ሰውየው ሥራ ላይ ከሆነ ፈረቃው እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ መኪና እየነዳ እንዳይሰማ ይጠነቀቁለታል፣ ከደወለም «ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል። ሰው መርዶ ብቻውን እንዳይሰማ፣ ቆሞ እንዳይሰማ፣ ሌሊት እንዳይሰማ የተሠራ ሥርዓት ነው። (የጀግናው የአባት ስም መርዶክ መሆኑ ለአማርኛ ጆሮ ከአጋጣሚ በላይ ይመስላል፤ እኔ ስሙን በሰማሁ ቁጥር የመጨረሻዋን ፊደል እየረሳኋት ተቸግሬአለሁ።)

ወንድምዎ ብቻውን ነበር፤ ሥራ ላይ ነበር፤ ሌሊት ነበር። የመኪና ማቆሚያዋን ዳስ ያስቧት፦ አንድ ወንበር፣ አንዲት ትንሽ ማሞቂያ፣ ከመስኮቱ ውጭ የሚወጣና የሚገባ መኪና። በዚያ ላይ ስልኩ ይጮኻል፤ እኅቱ እያለቀሰች ናት። እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን ከአገር ቤት አንድ ሰው ሞቷል ብዬ ልቤ ቀጥ ትል ነበር። ስሙ ሲነገረው የፎጊ ሆነ። ለአንድ ሰከንድ እፎይ ሳይል አልቀረም፤ ቀጥሎ ግን ከ2015 ጀምሮ ያሳደገው ነገር፣ በማግሥቱ ፈረቃውን ጨርሶ ታጥቦ ሊያየው ያስቀመጠው ነገር ከእጁ መወሰዱን ተረዳ። በፎጊ ሞት መደንገጥ የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያቺን አንድ ጊዜ እርስዎ ሳሎንዎ ውስጥ፣ ከአራት ጓደኛ ጋር፣ ሙሉውን ወስደዋታል፤ እርሱ ግን የደረሰው በስልክ በሦስት ቃል ነው። ደራስያኑ በተመልካቹ ላይ ሊሠሩት ያሰቡትን የቸኮለ ሥራ እርስዎ ከእነርሱ በባሰ ችኮላ በወንድምዎ ላይ ሠሩት። ወጣቶቹ ይህን «ስፖይል ማድረግ» ይሉታል፤ እኔ መርዶን ያለ ሥርዓቱ መንገር እለዋለሁ።

ያቺ «እሺ» ደግሞ ምን እንደምትል ለማያውቅ ሰው ታሳስት ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ሲከፋው ሁልጊዜ አይጮኽም፤ ብዙ ጊዜ «እሺ» ይላል። አሁንም ባጭሩ የሚመልስልዎት ለዚህ ነው። ለፊልም ሲባል ታላቅ እኅቱን መውቀስ ልጅነት ይመስለዋል፤ ስለዚህ አይወቅስም፤ ግን አልረሳም። «ምን ሆነሃል?» ብለው በጠየቁት ቁጥር «ምንም» ይልዎታልና አይጠይቁት፤ ቀድመው እርስዎ ይናገሩ።

እንዴት እንደሚናገሩ ልምከርዎ። ከወንድምዎ ይጀምሩ፤ ጓደኛዎ ሁለተኛ ነው። በጽሑፍ አይላኩለት፤ ሥራ ላይ ሳለም አይደውሉለት፤ ይህን ስሕተት አንዴ ሠርተዋል። ከፈረቃው ወጥቶ ከተኛ በኋላ ቤቱ ይሂዱና፣ ስለ ፎጊ፣ ስለ ማርቭል፣ ስለ ደራስያኑ ምንም ሳያነሡ «ያን ሌሊት ደውዬ ልነግርህ አይገባኝም ነበር፤ ስትጠብቀው የነበረውን ቀማሁህ፤ አጥፍቻለሁ» ይበሉት። «በጣም ተናድጄ ስለ ነበር ነው» የሚለውን አይጨምሩበት። እውነት ቢሆንም፣ ይቅርታውን ወደ እርስዎ ኀዘን ይመልሰዋል፤ ንግግሩ ደግሞ ስለ እርሱ መሆን አለበት። ምናልባት ተከታታዩን ጨርሶት ይሆናል፣ ምናልባት እንደ እርስዎ ትቶት ይሆናል። ጨርሶት ከሆነ «ምን ሆነ?» ብለው አይጠይቁት፤ እርሱም እንዳይነግርዎት ይጠይቁት።

ጓደኛዎ ስልክ አያነሣምና ጃኬቱን ይዘውለት ይሂዱ። ጃኬቱ ጥሩ ምክንያት ነው፤ በሩን ለመክፈት እርሱንም አያሳፍረውም፤ እርስዎንም አያስለምንዎትም። እዚያ ደርሰው «ልብ የለህም ያልኩህ ክፉ ነገር ነው» ይበሉት። ስለ አባቱ እርስዎ አያንሡ። ካነሣ ግን ተቀምጠው ይስሙት፤ ፎጊን የሚያህል ምሳሌም አያምጡበት። ስለ ትዕይንቱ ያለውን አስተያየት እንዲለውጥ አይጠብቁ፤ አሟሟቱ ጥሩ ተሠርቷል ብሎ እንዳመነ፣ እርስዎም ቸኩለዋል ብለው እንዳመኑ ጓደኛ መሆን ይቻላል። ይህን ያህል የሚቸግርዎት ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ 10ኛ ክፍል እንደገና ይመልከቱት። ፎጊ ማት ለዓመታት ሲዋሸው መኖሩን የሚያውቅበት፣ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ አንዱ ተደብድቦ ሶፋ ላይ እየተጋደመ፣ ሌላው እያለቀሰ የሚጠያየቁበት ክፍል ነው። ያን ክፍል ከወንድምዎ ጋር ሲያዩ ስንት ጊዜ አቁመው ስንት ቃል እንደ ፈለጉ እርስዎ ያውቃሉ። ከዚያ ክፍል በኋላ የታረቁት ማን ትክክል እንደሆነ ተስማምተው አይደለም።

ተከታታዩን ይቀጥሉ ወይስ ይተዉ ለሚለው፣ ይቀጥሉ እላለሁ። ስለቀሩት ክፍሎች ዝም እንደምል ቃል ገብቻለሁና ምክንያቴን ሁሉ አልዘረዝርም፤ የፎጊ ሞት ግን በመጀመሪያው ክፍል ተጥሎ የተረሳ ነገር አይደለም፤ ለምን ሞተ የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። መልሱ ካላረካዎት፣ ያን ጊዜ አንድ ኮከብዎን መልሰው ይስጡት። ሁለተኛው ምዕራፍም በ2025 ተቀርጿል፤ ሌላም መክፈቻ ምሽት ይኖራል።

ከዚያ በፊት ግን ወንድምዎ ዕረፍት በሆነበት ቀን ሁለቱንም ቤትዎ ይጥሯቸው። ፋሲካ አልፏል፣ ጾሙም ተፈትቷል፤ ከቆሎ የተሻለ ነገር ማቅረብ ይችላሉ። የመጀመሪያውን ክፍል ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሩት። የጆሲ መጠጥ ቤት ሲመጣ፣ እርስዎ የሚመጣውን ያውቃሉና እንዳይቀድሙ፤ አንድም ቃል አይተንፍሱ፤ ማንንም በዓይንዎ አይከታተሉ። ከፈለገ ወደ ኋላ መልሶ ሁለቴ ይስማው፤ እንደ ድሮው የማይገባ ቃል ቢኖርም ያቁም። ሪሞቱን ለወንድምዎ ይስጡት።